ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፤ ጉዳትን ከጥፋት የለዩ ዳኛ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ ሲወረድ የሚገኘው ድልድይ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ይባላል። በዚያ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፤ ስሙንም የማያውቀው የለም። ነገር ግን የሰው ስም የቦታ መጠሪያ ሲሆን ባለስሙ ይረሳል። ስለ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ቢጠየቅ ከእኛ ከተማሪዎች አንዱ የጦር ሚኒስትር እንደ ነበሩ፣ ሌላው በሰገሌ ዘመቻ የነበራቸውን ድርሻ ይናገር ይሆናል። በሕዝብ አፍ የቆየው ስማቸው ግን አባ መላ ነው፤ መላ የሚለውም ቃል ከጦር ሜዳ ይልቅ ለፍርድ አደባባይ የሚስማማ ቃል ነው።

ስለ ጦረኛነታቸው ብዙ ተጽፏል። እኛ እዚህ ላይ ልንመለከት ያሰብነው ዳኝነታቸውን ነው። ይኸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ከሕግ ፋኩልቲ ወጥቶ በፍትሐ ብሔር ጠበቃነት የሚሠራ ወጣት አብዛኛውን ቀኑን የሚያሳልፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። አንድ ሰው ሳያስበው ሌላውን ቢጎዳ ኪሣራውን ማን ይቻል? ጎጂው ነውን? ተጎጂው ነውን? ወይስ የመድን ኩባንያ? ይህ ጥያቄ ከመኪናና ከፋብሪካ ጋራ የመጣ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። መኪናም መድንም ሳይታወቅ በአራዳ አደባባይ ይጠየቅ ነበር፤ መልስ ከሰጡትም መካከል ስማቸው ጎልቶ የቀረው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው።

ሀብተ ጊዮርጊስ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓመታት በደቡብ ምዕራብ ሸዋ በጨቦ አገር ነው። በልጅነታቸው የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ ጦር አገራቸውን በወጋ ጊዜ ተማርከው ወደ ንጉሡ ቤት መጡ። ከምርኮኛነት ተነሥቶ የመንግሥት ዐምድ መሆን በዚያ ዘመን ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ዕድል ነበር። ከዘር የወረሱት ማዕርግ አልነበራቸውም፤ ከፍ ያደረጋቸው አገልግሎታቸውና የአእምሮአቸው ብልሃት ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። የተወለዱበት የኦሮሞ ሕዝብ ጉማ የሚባል ሥርዐት ነበረው። ጉማ ማለት ነፍስ በጠፋ ጊዜ ሽማግሌዎች በሁለቱ ወገኖች መካከል ገብተው በካሣ ደም የሚያደርቁበት ወግ ነው። ካደጉበት ከምኒልክ ቤት በኩል ደግሞ የፍትሐ ነገሥትና የአደባባይ ሙግት ሥርዐት ነበር። ሰውየው በሁለቱ ወጎች መካከል ያደጉ ናቸው፤ ኋላ ለተደነቁበት ዳኝነት ይህ መነሻ ሳይሆናቸው አልቀረም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በየካቲት 1888 ዓ. ም. በዐድዋ ጦርነት ላይ ፊታውራሪ ገበየሁ ሲወድቁ የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪነት ለሀብተ ጊዮርጊስ ሆነ። ከዚያ በኋላ ወደ ቦረና ዘምተው የደቡብ ጠረፍ በምኒልክ መንግሥት ሥር እንዲሆን አደረጉ። በጥቅምት 1900 ዓ. ም. ዐፄ ምኒልክ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ እርሳቸው የጦር ሚኒስትር ተባሉ። የፍርድ ሚኒስትርነቱን ያገኙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሹመትና ዳኝነት የተለያዩ አልነበሩም። ማንኛውም ሹም በሥሩ ያለውን ሰው ይዳኛል፤ ስለዚህ የጦር ሚኒስትሩ ቤት የወታደር ሰፈር ብቻ ሳይሆን የፍርድ ቤትም ነበር።

እስቲ የዚያን ጊዜ አራዳን በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ትልቁ ገበያ ይቆማል። እህል፣ ጨው፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ በቅሎ፣ ጠመንጃ ይሸጥበታል። የአርመን፣ የግሪክና የህንድ ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተዋል። በ1898 ዓ. ም. የአቢሲንያ ባንክ ሥራ ጀምሯል፤ እቴጌ ጣይቱም ሆቴላቸውን በዚያው አካባቢ አቁመዋል። በ1900 ዓ. ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዓመት በጥር ወር ከፈረንሳይ መንግሥት ጋራ ውል ተደረገ። በውሉም መሠረት የውጭ አገር ሰውና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ቆንስል ከኢትዮጵያዊው ዳኛ ጋራ ይቀመጣል። ተከሳሹ ኢትዮጵያዊ ሲሆን በኢትዮጵያ ሕግ፣ ፈረንሳዊ ሲሆን ግን በራሱ አገር ሕግ ይፈረዳል። እንግዲህ በአንድ ገበያ ውስጥ ሁለት ሕግ ቆመ ማለት ነው።

ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ጉዳት አይታጣም። የአንዱ በቅሎ የሌላውን ልጅ ይረግጣል፤ ከአንዱ ቤት የተነሣ እሳት የጎረቤቱን ጣራ ይበላል፤ በአደራ የተቀመጠ ዕቃ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ወደ ሙግት ይመጣል። የሙግቱም ሥርዐት የራሱ ጣዕም ነበረው። ተሟጋቹ ኩታውን አደግድጎ ከዳኛው ፊት ይቆማል፤ ራሱ መናገር ካልቻለ ጠበቃ ያቆማል። ጠበቃውም ምላሱ የተባ፣ በበላ ልበልሃ ሥርዐት ነገር እየጠቀሰ፣ እየተወራረደ የሚከራከር ሰው ነው። ውርርዱ በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ ይሆናል፤ የተረታው ይከፍላል። ተላላፊ መንገደኛ እንኳ ዳኛ ሁንልን ተብሎ ቢለመን ቆሞ መስማት ግዴታው ነበር። የአራዳ ሰው ሙግትን እንደ ትምህርትም እንደ ጨዋታም ይመለከተው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ከጨዋታው በስተጀርባ ጭንቅ ነበረ። የሥርዐቱ ሁሉ መሠረት ዋስ ነው። ተከሳሽ ለመቅረቡ ዋስ ይጠራል፤ ለመክፈሉም ዋስ ይጠራል። ተከሳሹ ቢጠፋ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ስለዚህ ዋስ ማለት በዘመኑ የነበረ መድን ነበር፤ ልዩነቱ ይህ መድን በዘመድና በወዳጅ ትከሻ ላይ የቆመ መሆኑ ነው። ብዙ ዘመድ ያለው ሰው ጉዳት ቢያደርስ የሚያግዘው አያጣም። ድኻውና እንግዳው ግን ዋስ አያገኝም። ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከገንዘብ ጠያቂው ጋራ በቁራኛ ይታሰራል፤ ሁለቱም አንድ ሰንሰለት ይዘው በከተማው ሲዞሩ ይታዩ ነበር። ከሀገሩ ተማርኮ፣ ያለ ዘመድ በሰው ቤት ያደገ ሰው የዚህን ትርጉም ከማንም ይልቅ የሚያውቅ ይመስለናል።

ነፍስ በጠፋ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ገዳዩ ለሟች ወገኖች ይሰጣል፤ እነርሱም ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል፣ ወይ ደም ይመልሱበታል። ምርጫው የእነርሱ ነው። በልባቸው ውስጥ ሐዘንና ቁጣ ሞልቶ ሳለ የሚመርጡትን መገመት አያስቸግርም። ዳኛው ታላቅ መሆኑ የሚታየው በዚህ ሰዓት ነበር።

በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም ከሚነገሩት ፍርዶች ሁሉ ስሙ የገነነው አንዱ በዚሁ ነገር ላይ የተሰጠ ነው። አባቶቻችን እንደሚተርኩት አንድ ሰው ማር ሊቆርጥ ከዛፍ ላይ ወጥቶ ሳለ እግሩ ከድቶት ወደቀ። ከዛፉ ሥር ሌላ ሰው ነበርና በላዩ ላይ አረፈበት፤ የታችኛው ሞተ፣ የላይኛው ተረፈ። የሟች ወገኖች ከሰሱ። በሁለቱ ሰዎች መካከል ቂም እንዳልነበረ፣ የወደቀውም ሰው ሆነ ብሎ እንዳላደረገው ታወቀ። ሽማግሌዎች ካሣ እንዲቀበሉ ቢለምኗቸው ከሳሾቹ እምቢ አሉ፤ ደም በደም ካልተመለሰ አንሄድም ብለው ጸኑ።

ዳኛው ነገሩን ከሰሙ በኋላ ከሳሾቹ መብት እንዳላቸው አልካዱም። ሟች በሞተበት መንገድ ገዳይም እንዲሞት ፈረዱ። ይኸውም ተከሳሹ ከዛፉ ሥር እንዲቀመጥ፣ ከሟች ወገኖችም አንዱ ዛፉ ላይ ወጥቶ በላዩ ላይ እንዲወድቅበት ነው። ከሳሾቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ወድቆ ሰውን መግደል ራስንም መግደል ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ገባቸው። ካሣውንም ተቀብለው ታርቀው ሄዱ ይባላል።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ለሣቅ ይተርከዋል። የሚመስል ታሪክ በሌሎችም አገሮች በሌሎች ዳኞች ስም ይነገራል። ይህ ግን የታሪኩን ክብር አይቀንሰውም፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ፍርድ ለማን እንደሰጠው ሲታይ ሰውየውን እንዴት አድርጎ ይመለከታቸው እንደ ነበር ያስረዳል። ከቀልዱም ሥር ከባድ የሕግ ሐሳብ አለ። ዳኛው የከሳሾቹን መብት በቃል ተቃውመው ቢሆን ኖሮ ቂሙ አይበርድም ነበር። መብታቸውን እስከ መጨረሻው ድረስ ገፍተው አሳዩአቸው፤ በመጨረሻው ላይም ጉዳትና ጥፋት አንድ አለመሆናቸው ታየ። የወደቀው ሰው ጎድቷል፤ አላጠፋም። ስለዚህ ለጉዳቱ ካሣ እንጂ ነፍስ አይጠየቅም።

ሐሳቡ ባዶ ሜዳ ላይ አልበቀለም። በኦሪት ሕግ እንጨት ሲቆርጥ ምሳሩ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ እንዲድን ታዟል። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም በማወቅ የገደለውንና ሳያውቅ የገደለውን ይለያል። ሊቃውንቱ ይህን በመጽሐፍ ያውቁታል። ነገር ግን በመጽሐፍ ያለውን በአደባባይ ለቆመ ቁጡ ሰው ማስረዳት ሌላ ጥበብ ነው። የአባ መላ ጥበብ ይኸኛው ነበር።

ይሁን እንጂ ስለ ታላላቅ ሰዎች ስንጽፍ ምስጋና ብቻ ማዥጎድጎድ አይገባንም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የዘመናቸው ሰው ነበሩ። ሰፊ መሬትና ብዙ ገባር፣ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ጦርም ነበራቸው። ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ በ1902 ዓ. ም. እቴጌ ጣይቱን ከሥልጣን ካራቁት መኳንንት ዋነኛው እርሳቸው ነበሩ። በመስከረም 1909 ዓ. ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ፣ በጥቅምትም ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ድል ሲሆኑ እጃቸው ከፍተኛ ነበር። በ1910 ዓ. ም. መሐል ሰፋሪ ተነሥቶ ሚኒስትሮቹ ሁሉ እንዲሻሩ ባስገደደ ጊዜ ከሹመታቸው ያልተነቀሉት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ከንግሥት ዘውዲቱና ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋራ ሦስተኛው ኃይል ሆነው እስከ ሞታቸው ቆዩ። በአዲሱ ሥርዐት ላይ ጥርጣሬ ካላቸው ከአሮጌው ወገን መኳንንት ጋራም ይመደባሉ። በፍርድ አደባባይ ለድኻው መላ የሚፈልጉት ሰው፣ ድኻውን ገባር ያደረገውን ሥርዐት ከሚጠብቁት አንዱ ነበሩ። ይህን ሳንሸፋፍን ልንናገረው ይገባናል።

በታኅሣሥ 1919 ዓ. ም. ዐረፉ። አልጋ ወራሹም ወዲያው ጦራቸውንና ግዛታቸውን ወደ ራሳቸው አዞሩ። ጦርና መሬት ወራሽ አያጣም። ዳኝነታቸውንስ ማን ወረሰው? የሰጧቸው ፍርዶች ከነምክንያታቸው ተጽፈው ለሌላ ዳኛ መመሪያ እንዲሆኑ የሚያደርግ መዝገብ አልነበረም። በሰው አፍ ቀሩ፤ በሰው አፍ የቀረ ነገርም ተረት ይሆናል። በሌላ አደባባይ፣ በሌላ ዳኛ ፊት የቆመ ማር ቆራጭ ሊሞት ይችል ነበር። አንድ ብልህ ሰው ያለበት አገር ዕድለኛ ነው፤ ነገር ግን ፍትሕን በአንድ ሰው ብልሃት ላይ ያቆመ አገር ሰውየው ሲሞት ባዶ እጁን ይቀራል። የዚህ ሕይወት ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለናል።

አገራችን ይህን ትምህርት ቀስ ብላ ተማረችው። ፊታውራሪ ከሞቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1923 ዓ. ም. የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጡ። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ. ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ሕግ ከውል ውጭ የሚደርስ ኃላፊነትን በሦስት ወገን ይከፍለዋል። አንደኛው በራስ ጥፋት የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ጥፋት ሳይኖር የሚመጣ ነው፤ ሦስተኛው በሌላ ሰው ሥራ የሚመጣ ነው። የእንስሳ ባለቤትና የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርባቸውም እንኳ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃሉ። በሥራው የሌላውን ሰው አካል የጎዳም፣ ሕጉ ከለያቸው ምክንያቶች በቀር፣ አላጠፋሁም ብሎ አያመልጥም።

እንግዲህ ማር ቆራጩን ዛሬ በፍትሐ ብሔር ችሎት ብናቆመውስ? የከሳሽ ጠበቃ አካል መጎዳቱን ብቻ አሳይቶ ካሣ ይጠይቃል። የተከሳሽ ጠበቃ ደግሞ መውደቅ የሰው ሥራ አይደለም፣ የደረሰበት ነገር እንጂ ብሎ ይከራከራል። የሕግ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ቢከራከሩበት ደስ ይለናል። ለእኛ የሚታየን ግን ይህ ነው። አዲሱ ሕግና የቀድሞው ዳኛ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ይኸውም ጥፋት የሌለበት ጉዳት ቢካስ በገንዘብ እንጂ በደም አይካስም። ዳኛው በመላ ያገኙትን ሕጉ በአንቀጽ አስቀመጠው።

የቀረው ጥያቄ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ማር ቆራጭ ድኻ ነው። ቢፈረድበትም የሚከፍለው የለውም፤ የሟች ልጆች በወረቀት ረትተው በሆዳቸው ይረታሉ። የጥንቱ መልስ ዋስ ነበር። አዲሱ መልስ መድን ነው። ይህም አዲሱ መልስ የገባው እንደ አጋጣሚ በዚያው በአራዳ በኩል ነው፤ የአቢሲንያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበርና። ፊታውራሪ በሕይወት ሳሉ ዋስ ጠሪውና የመድን ወኪሉ በአንድ ሰፈር ይሠሩ ነበር ማለት ነው። መድኑ ግን ያን ጊዜ የነጋዴው ብቻ ነበር፤ ለባለበቅሎውና ለማር ቆራጩ የተሠራ አልነበረም።

በ1943 ዓ. ም. የመጀመሪያው የአገር ውስጥ የመድን ኩባንያ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ ተቋቋመ። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድንን ውል በዝርዝር ደነገገ። በ1967 ዓ. ም. ደርግ ኩባንያዎቹን ሁሉ ወረሰ፤ በ1986 ዓ. ም. የግል ኩባንያዎች እንደገና ተፈቀዱ። በ2000 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ ማንኛውም ባለመኪና ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ግዴታ ሆነ። የዚህ አዋጅ ትርጉም ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። በመንገድ ላይ የተገጨ ድኻ፣ የገጨው ሰው ሀብታም ይሁን ድኻ፣ ዘመድ ይኑረው አይኑረው፣ የሚጠይቀው ዋስ አለው ማለት ነው። ሁሉም ባለመኪና በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያዋጣ ለማያውቀው ሰው ዋስ ሆኗል።

እርግጥ አዲሱም መልስ ጉድለት አለው። የተጎዳው ሰው ብዙ ጊዜ መብቱን አያውቅም፤ በአንድ በኩል እርሱ ብቻውን ይቆማል፣ በሌላው በኩል የኩባንያ ጠበቃ መዝገቡን ተሸክሞ ይቆማል። የኩባንያው ጠበቃ ሥራው ነውር የለበትም፤ የብዙ ሰው መዋጮ በሐሰት አቤቱታ እንዳይበላ ይጠብቃልና። ነገር ግን ጉዳትን ከጥፋት መለየት ለአንድ ወገን ብቻ የሚያገለግል ጥበብ እንዳይሆን ያስፈራል። የአባ መላ ፍርድ የተወደደው አንዱ ረትቶ ሌላው ተረትቶ ስለ ወጣ አይደለም። ተከሳሹ ነፍሱን ይዞ፣ ከሳሹም ካሣውን ይዞ ስለ ሄዱ ነው።

በ2016 ዓ. ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙዎቹ ፈረሱ። ፊታውራሪ ያዩት የአራዳ ገበያም በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ከተዛወረ ቆይቷል። ሰፈር ይፈርሳል፤ ጥያቄው ግን አይፈርስም። ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ከምንወጣው መካከል ዳኞችም፣ ጠበቆችም፣ የመድን ሠራተኞችም ይኖራሉ። የአያቶቻችን ዕድል አንድ አባ መላ ማግኘት ነበር። የእኛ ግዴታ ደግሞ አባ መላ በሌለበት ቀን፣ በማይታወቅ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ዘመድ የሌለው ሰው ቆሞ እንዲያ ያለውን ፍርድ የሚያገኝበትን ሕግ መጻፍ፣ ማስተማርና መጠበቅ ነው።